መካሪና ተመካሪ በአርሲ ማሳ

«ምከረው፣ ምከረው፤ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው ነባር አነጋገር ጥፋቱን ሁሉ በተመካሪው ላይ ይጥላል። ምክሩን የሰማው ሰው ለመፈጸም አቅምና መብት ያለው መሆን አለመሆኑን አይጠይቅም። ተማሪዎችንና ጀማሪ መምህራንን በምክር ለማብቃት የተሰማራ ባለሙያ ይህን ጥያቄ ሲያነሣ፣ ከአርሲ ደጋ የቅርብ ዘመን ታሪክ ብዙ ይማራል።

በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት፣ በ1960 ዓ.ም. መባቻ ገደማ፣ በአጭር አጠራሩ «ካዱ» የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ተቋቋመ። ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደው መንገድ ኢተያን አልፎ ወደ ቁሉምሳ ያደርሳል፤ የስንዴ ዘር ምርምር የተስፋፋውም በዚሁ ስፍራ ነው። የድርጅቱ የማስተማር ዘዴ በደረጃ የተያያዘ ነበር። የስዊድን ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጎን ይሠራሉ፤ የልማት ሠራተኞች ትምህርቱን ወደ ገጠር ያወርዳሉ፤ አርአያ ገበሬ ደግሞ የማዳበሪያውንና የምርጥ ዘሩን ጥቅም በገዛ ማሳው ላይ ለጎረቤቶቹ ያሳያል። ገበሬ ከንግግር ይልቅ የጎረቤቱን አውድማ ያምናልና ዘዴው ፍሬ አፈራ፤ የስንዴው ምርትም አደገ።

ይሁን እንጂ ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ ጭሰኞች ነበሩ። የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለርስቱ የሚያስረክብ ሰው ምክሩን ቢፈጽም፣ የድካሙን ፍሬ ሌላው ይካፈለዋል። ይባስ ብሎም፣ መሬቱ ትርፍ እንደሚሰጥ የተረዱ ባለርስቶች ከቀረጥ ነጻ የገባ ትራክተር እያሰማሩ ጭሰኞቻቸውን አፈናቀሉ። ድርጅቱ ጉዳቱን ተመልክቶ ብድሩን ወደ አነስተኛ ገበሬዎች ለማዘንበል ሞከረ፤ የመሬቱን ሥርዓት መለወጥ ግን ከሥልጣኑ በላይ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብም እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ ይዞታ ፈቀደ። ሆኖም ቀጥሎ የመጣው የእህል ኮታና በ1978 ዓ.ም. በአርሲ የተስፋፋው የመንደር ምሥረታ ሌላ ችግር አስከተለ። ቀድሞ ምክሩን ለመፈጸም መብት ያጣው ገበሬ፣ አሁን ምክሩን እንቢ ለማለት መብት አጣ።

በትምህርት ተቋማትም ጉዳዩ ከዚህ የራቀ አይደለም። ጀማሪው መምህር የደከመበት ጥናት በአማካሪው ስም ብቻ ቢወጣ፣ ዕጣው የጭሰኛው ዕጣ ነው። ተማሪው የመምህሩን አሳብ ለመቃወም የሚፈራ ከሆነ፣ ምክሩ ኮታ ሆኗል። ስለሆነም መካሪ ምክሩን ከመስጠቱ አስቀድሞ ሁለት ነገር ሊመረምር ይገባዋል፤ ይኸውም አዝመራው የማን እንደሚሆንና ተመካሪው ያለ ስጋት እንቢ ለማለት የሚችል መሆኑን ነው።