ከሰንጠረዥ እስከ ፕሌይስቴሽን፦ ጨዋታ ቁማር የሚሆነው የቱ ጋ ነው?



ሰሞኑን ከዐስር ሶላት በኋላ ቂርአት ጨርሰን ኪታብ ስናጥፍ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቀረብ ብሎ «ኡስታዝ፣ ፕሌይስቴሽን ሐራም ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። አጠገቡ የነበረው ጓደኛው ቀደም አለና «ሐራም ነው፤ አባቴ ነግሮኛል» አለ። እኛ ግን መልስ ከመስጠታችን በፊት «የት ነው የምትጫወቱት? ሒሳቡንስ ማን ይከፍላል?» አልናቸው። «ሰፈር ጌም ቤት ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል» አሉን።

እውነቱን ለመናገር፣ ከማሽኑ ይልቅ ያሳሰበችን ይህቺ «የተሸነፈ ይከፍላል» የምትል ቃል ናት። ለምን እንዳሳሰበችን ለመረዳት ግን ታሪክ ወደ ኋላ ማገላበጥ ያስፈልጋል።

ሰንጠረዥ እና ነርድ

«ሰንጠረዥ» የሚለው የአማርኛ ቃላችን ከዐረብኛው «ሸጥረንጅ» የመጣ ነው። ጨዋታው ከህንድ ተነስቶ ፋርስ ገባ፤ ከፋርስም በሙስሊሞች እጅ ወደ ዐረቡ ዓለም ተሻገረ። ወደ ሀገራችንም ዘልቆ የራሱን ሕግ አበጅቷል። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች መጀመሪያ ላይ ተራ ሳይጠብቁ ጠጠሮቻቸውን ያሰልፉ ነበር፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው።

በባግዳድ ደግሞ አቡ በክር አስ-ሱሊይ የተባለ አዋቂ በኸሊፋው አል-ሙክተፊ ፊት (እ.ኤ.አ 902–908 የነገሡት ናቸው) የቤተ መንግሥቱን ስመ ጥር ተጫዋች ረታ። ስለ ሸጥረንጅ መጽሐፍም ጻፈ። ትቶት የሄደው አንድ እንቆቅልሽ ለ1000 ዓመት ያህል ፈቺ ሳያገኝ እንደቆየ ይነገራል።

ታዲያ ዐሊሞቻችን ምን አሉ? እዚህ ላይ ኺላፍ መኖሩን መደበቅ አይገባም። ብዙዎቹ ሸጥረንጅን አጥብቀው ተቃውመዋል። ኢማም አሽ-ሻፊዒይ (ረሒመሁላህ) ግን መክሩህ ነው እንጂ ሐራም ነው አላሉም፤ ታላቁ ታቢዒይ ሰዒድ ኢብኑ ጁበይር ለገበታው ጀርባቸውን ሰጥተው በቃል ይጫወቱ እንደነበርም ዘግበዋል። በዛር የሚጫወቱት ነርድ ግን ከዚህ ይለያል። በእሱ ላይ ከነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ብርቱ ማስጠንቀቂያ ስለመጣ፣ አብዛኞቹ ዐሊሞች ገንዘብ ባይያዝበት እንኳ ከልክለውታል።

የሻፊዒይ ሊቃውንት ከዚህ ልዩነት አንድ ሚዛን አወጡ፦ በሒሳብና በማሰብ ላይ የቆመ ጨዋታ አንድ ነገር ነው፤ በግምትና በዕድል ላይ የቆመ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያውም ቢሆን ሦስት ነገሮች ሐራም ያደርጉታል፦ ገንዘብ ሲያዝበት፣ ሶላትን ከወቅቷ ሲያሳልፍ፣ ምላስን ለስድብና ለውሸት ሲፈታ። ይህን ሚዛን በእጃችን ይዘን ወደ ጃፓን እንሻገር።

ከቁማር ካርታ የወጣ ኩባንያ

ዛሬ የልጆች ጌም ሲባል ቀድሞ ስሙ የሚነሳው ኔንቴንዶ የተመሠረተው እ.ኤ.አ በ1889 ኪዮቶ ከተማ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አልነበረም። መሥራቹ ፉሳጂሮ ያማውቺ ይሸጥ የነበረው «ሀናፉዳ» የሚባል የአበባ ሥዕል ያለበት ካርታ ነው። የጃፓን ገዢዎች ቁማርን ለማጥፋት ካርታን በየጊዜው ሲከለክሉ ሕዝቡ ደግሞ ቁጥር የሌለው ካርታ እየፈለሰፈ ክልከላውን ያልፍ ነበር። ሀናፉዳ የዚያ ውጤት ነው፤ ቁማር ቤቶችም ዋነኛ ገበያው ነበሩ።

የመሥራቹ የልጅ ልጅ ልጅ ሂሮሺ ያማውቺ ኩባንያውን እ.ኤ.አ በ1949 ተረከበ። በ1959 የዲዝኒን ሥዕሎች ካርታ ላይ አትሞ ለቤተሰብና ለልጆች መሸጥ ጀመረ። ልብ በሉ፣ ዕቃው ያው ካርታ ነው፤ የተለወጠው የሚሸጥበት ቦታና ዓላማው ነው። ኩባንያው ከቁማር ቤት ወደ ሳሎን ገባ።

እ.ኤ.አ በ1965 የካርታ ማምረቻ ማሽኖችን እንዲጠግን ጉንፔ ዮኮይ የሚባል ወጣት ተቀጠረ። ይህ ሰው ኋላ ላይ በ1980 ጌም ኤንድ ዎችን፣ በ1989 ደግሞ ጌም ቦይን ለዓለም አበረከተ። የዮኮይ መርሕ ቀላል ነው፦ አዲስና ውድ ቴክኖሎጂ አታሳድ፤ የታወቀውንና የረከሰውን ወስደህ በአዲስ መንገድ ተጠቀምበት። ጌም ቦይ ስክሪኑ ቀለም አልነበረውም፤ ነገር ግን በአራት ትናንሽ ባትሪዎች ከአሥር ሰዓት በላይ ይሠራ ነበር። በ1990 የመጣው የሴጋው ጌም ጊር ባለ ቀለም ነበር፤ ሆኖም ስድስት ባትሪ በአምስት ሰዓት ውስጥ ይጨርሳል። ገበያው የዘለቀው ለደብዛዛው ጌም ቦይ ነው። ከባለ ቀለሙ ወንድሙ ጋር ተደምሮ ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ከጌም ቦይ ጋር አብሮ የተሸጠው ቴትሪስም እ.ኤ.አ በ1984 ሞስኮ ውስጥ አሌክሲ ፓጂትኖቭ የሠራው ነው። በእኛ ዕድሜ ያለ የአዲስ አበባ ልጅ እነዚያን ጡብ የሚደረድሩ ርካሽ የእጅ ጌሞች አይረሳቸውም። ጡቡ የሚመጣው በዕድል ቢሆንም አደራደሩ ጭንቅላት ይጠይቃል፤ ገንዘብም አይያዝበትም።

ሰኽር፦ ቁርኣንና ጌም በአንድ መሣሪያ

ሙስሊሙስ በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልካች ብቻ ነበር? አልነበረም። ሙሐመድ አሽ-ሻሪኽ የሚባሉ ኩዌታዊ እ.ኤ.አ በ1982 የጀመሩት ሥራ «ሰኽር» የተባለውን ኮምፒውተር አስገኘ። ኤምኤስኤክስ በሚባለው የጃፓን ሥሪት ላይ ዐረብኛን የጨመረ፣ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም መሣሪያ ነው። የዐረቡ ዓለም ልጆች በ1980ዎቹ የጃፓን ጌሞችን የተጫወቱት በዚሁ ነው፤ በዐረብኛ ፕሮግራም መጻፍ የተማሩትም በዚሁ ነው። እኚሁ ሰው በኋላ ቁርኣንንና የሐዲስ ኪታቦችን ወደ ኮምፒውተር አስገቡ፤ በ2021 ለኢስላም አገልግሎት የሚሰጠውን የንጉሥ ፈይሰል ሽልማት ተቀበሉ። በ2024 ወደ አኺራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። «መሣሪያው ራሱ ሸይጧን ነው» ለሚሉ ወንድሞቻችን ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለንም።

ካርታው ተመልሶ ሲመጣ

አሳዛኙ ክፍል ከዚህ ይጀምራል። እ.ኤ.አ በ2009 ሁላችንም የምናውቀው የፊፋ ጌም «አልቲሜት ቲም» የሚባል ነገር አመጣ። ተጫዋቾች በካርታ መልክ በጥቅል ይሸጣሉ፤ ከጥቅሉ ውስጥ ማን እንደሚወጣ ሳትከፍተው አታውቅም። ሜሲ ይወጣል ብለህ ትከፍላለህ፣ የማታውቀው ተቀያሪ ይወጣል፤ እንደገና ትከፍላለህ። በስልክ የሚጫወቱ ብዙ «ነጻ» ጌሞችም የሚኖሩት በዚሁ ነው። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ በ2012 የዚህን ዓይነት ሽያጭ ክፉውን ስልት አገደ። የቤልጂየም የቁማር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም በ2018 ፊፋን ጨምሮ የተወሰኑ ጌሞችን መርምሮ «ይህ ቁማር ነው» አለ፤ ኩባንያው ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ ጥቅል መግዣ ነጥቡን በዚያ ሀገር መሸጥ አቆመ።

ሱብሐነላህ! የቤልጂየም ሹማምንት ሻፊዒይ አይደሉም። ነገር ግን ፉቀሃኦቻችን ነርድን ከሸጥረንጅ የለዩበትን መስመር በራሳቸው መንገድ አገኙት። ኳሱን በጆይስቲክ መምታት ችሎታ ነው፤ ጥቅሉን በብር መክፈት ግን ዛር መጣል ነው።

ስለዚህ የዛሬዎቹን መሣሪያዎች በዚህ እንመዝናለን። ፕሌይስቴሽን 5 (2020)፣ ስቲም ዴክ (2022)፣ ስዊች 2 (2025) ሁሉም ድንቅ ሥራዎች ናቸው። ሆኖም ስዊች 2 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ ዋጋው 450 ዶላር ነበር፤ ከቤት ወጪ ቀንሶ ለዚያ መክፈል ኢስራፍ እንዳይሆን እንፈራለን። የዮኮይን ምክር ብንሰማ፣ ለልጅ የሚበጀው ቆየት ያለ መሣሪያና አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ ሙሉ ጌም ነው። ጀምሮ የሚጨርሰው፣ አዛን ሲል አቁሞ የሚነሣበት ጌም ማለታችን ነው። በየቀኑ «ግባ፣ ክፈል፣ ክፈት» ከሚል ነጻ ጌም፣ አንዴ የተከፈለበት አሮጌ ጌም ይሻላል።

የተሸነፈ ይከፍላል

አሁን ወደ ልጆቹ እንመለስ። «ብሩ የሚሄደው ለጌም ቤቱ ነው፤ አሸናፊው ምንም አይወስድም፤ ታዲያ ምኑ ነው ቁማር?» አሉን። ጥሩ ጥያቄ ነው። አሸናፊው ግን ወስዷል፦ መክፈል የነበረበትን ድርሻ ሌላው ከፍሎለታል። ሁለቱም ሲቀመጡ ወይ በሰው ብር ሊጫወቱ ወይ የሰው ዕዳ ሊከፍሉ ነው። ዐሊሞች የቁማርን ምንነት ሲያስረዱ «እያንዳንዱ ወይ አትራፊ ወይ ከሳሪ የሚሆንበት» የሚሉት ይህንኑ ነው። አላህ በሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ ቁማርን ከአስካሪ መጠጥ ጋር አንድ ላይ ማንሣቱን አንርሳ።

ይህን ስንናገር ከላይ ሆነን አይደለም። እኛም ደረሳ ሳለን ለኪታብ መግዣ የተሰጠንን ብር በዚችው «የተሸነፈ ይከፍላል» ጨርሰን፣ ለሸይኻችን «ኪታቡ ከገበያ ጠፋ» ብለን ዋሽተናል። ብሩ ትንሽ ነበር፤ ውሸቱ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረናል። የሰፈራችን ውርርድ ቤቶች ደጃፍ የተሰለፉትን ወጣቶች ስናይም ብዙዎቹ በዚህች ትንሽ በር እንደገቡ ይሰማናል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከመጫወታችሁ በፊት ሒሳቡን እኩል አዋጡ፤ ከዚያ ያሸነፈም የተሸነፈም ይሣቅ። ሶላት ሲደርስ ተነሡ፤ ስድብ ሲጀመር አቁሙ። ወላጆችም «ሐራም ነው» ብላችሁ በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ቀን አብራችሁ ሂዱና ልጃችሁ ምን እንደሚጫወት፣ እንዴት እንደሚከፍል እዩ።

ያ ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ «ኡስታዝ፣ አዋጥተን ተጫወትን፤ ግን ጨዋታው ትንሽ ቀዘቀዘብን» አለን። እኛም «ልጄ፣ የቀዘቀዘው ጨዋታው አይደለም፤ ቁማሩ ነው» አልነው።

አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን። ወላሁ አዕለም።

ለሌሎች ወላጆችም እንዲደርስ ሼር አድርጉት።