ከወንጌል ኅዳግ እስከ ሕግ ፋኩልቲ

የኢትዮጵያን የሕግ ትምህርት ታሪክ የሚጽፉ ምሁራን ነገራቸውን አብዛኛውን ጊዜ ከፍትሐ ነገሥት ይጀምራሉ። የላስታን ደጋ ለሚያውቅ ሰው ግን ይህ አጀማመር ጥቂት የዘገየ መስሎ ይታየዋል። ግብፃዊው ሊቅ አስ-ሳፊ ኢብን አል-አሳል በ13ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ግድም በኋላ ፍትሐ ነገሥት የተባለውን የቀኖናና የነገሥታት ሕግ በዐረብኛ ሲያጠናቅር፣ መንበሩን በላስታ በሮሐ ያደረገውና ስመ መንግሥቱ ገብረ መስቀል የተባለው ንጉሥ ላሊበላ ለገዳማትና ለአድባራት የሰጠውን ርስትና ጉልት በወንጌል ብራና ላይ አስጽፎ፣ ይህን ያፈረሰ የተገዘተ ይሁን አሰኝቶ አልፎ ነበር።

ከእነዚህ ጽሑፎች ስመ ጥር የሆኑት በሽመዛና ደብረ ሊባኖስ የወርቅ ወንጌል ውስጥ ተጠብቀው የቆዩት ናቸው፤ ኢጣሊያዊው ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒም በ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ለኅትመት አብቅቷቸዋል። ስጦታ በወንጌል ላይ መጻፉ ለጌጥ ወይም ለበረከት ብቻ አልነበረም። ወንጌል በቅዳሴ ጊዜ በሕዝብ ፊት የሚወጣ፣ በካህናት እጅ የሚጠበቅ፣ ሊፍቁት የሚያስፈራ መጽሐፍ ስለሆነ፣ መዝገብ ቤት ባልነበረበት ዘመን ከእርሱ የተሻለ መዝገብ ከየት ይገኛል? በዚያ ላይ ሰጪው በስሙ፣ ተቀባዩ በደብሩ፣ የዘመኑም ሹማምንት በየማዕርጋቸው ተጠቅሰዋል፤ የቅጣቱም ፍርሃት በግዝቱ ታስሯል። እንግዲህ የሕግ ሰነድ ሊኖረው ከሚገባው ነገር ምን ጎደለው? እኔስ ምንም አልጎደለውም ባይ ነኝ።

ወደ ኋለኛው ዘመን ስንመጣ፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ወደ ግዕዝ እንደተመለሰ በትውፊት የሚነገርለት ፍትሐ ነገሥት የአብያተ ክርስቲያናቱ የሕግ መምህር ሆነ። ሃምሳ አንድ አንቀጾች ካሉት ከዚህ መጽሐፍ የፊተኞቹ ሃያ ሁለቱ ስለ መንፈሳዊ ሥርዓት፣ የቀሩት ስለ ሥጋዊ ጉዳይ ይናገራሉ፤ 43ኛው ስለ ዳኞች፣ 44ኛው ስለ ነገሥታት ነው። 31ኛው አንቀጽ ደግሞ ሰው በተፈጥሮው ነፃ መሆኑን ካተተ በኋላ፣ ጦርነት ባርነትን አመጣ ብሎ በገዛ አፉ የጀመረውን ሲያጠብብ ስናይ፣ መምህራኑ በጉባኤ ላይ ምን ያህል ተከራክረውበት ይሆን ያሰኛል። ትምህርቱ የሚሰጠው በመጻሕፍት ቤት ከሊቃውንት ትርጓሜ ጋር ነው። ወደዚያ የሚገባው ደቀ መዝሙር አስቀድሞ ቅኔ መማር ነበረበትና፣ ከሦስቱ ታላላቅ የቅኔ ቤቶች አንዱ የሆነው ዋድላ የላስታ ጎረቤት መሆኑ ለአካባቢው የተማሪ ልጅ ትንሽ ጸጋ አልነበረም። አኩፋዳውን ተሸክሞ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ፣ ከደጋው ወርዶ ሰዋስውን በዋድላ ያበጀ፣ ትርጓሜውን ደግሞ ወደ ጎንደር ተሻግሮ የሚያደላድል ሰው ብዙ ነበር።

የዚያ ዘመን የሕግ መምህር ሥራው በጉባኤው አጥር አያልቅም ነበር። በንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ችሎት ፈራጆች ከታናሽ ወደ ታላቅ እየተነሡ አሳባቸውን ሲሰጡ፣ ነገሩ በከበደ ጊዜ ሊቁ ተጠርቶ አንቀጹን እያነበበ ይተረጉም ነበር። በገጠሩ ግን የሙግቱ ጌታ መጽሐፉ ብቻ አልነበረም፤ የርስት ሙግት የአባትና የአያት ቆጠራ፣ የሽማግሌ ምስክር፣ የበላ ልበልሃ ጥበብ ነበር። መጽሐፉ ከአፉ የሚፈስሰው ሊቅ በዚህ ጊዜ አንደበተ ርቱዕ ባላገር ፊት ተረትቶ ቢመለስ የሚያስደንቅ አልነበረም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የመጣው የኮድ ዘመን ነገሩን ለወጠው። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1949፣ በፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ የተረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ወጡ፤ የኋለኛው በመቅድሙ ፍትሐ ነገሥትን አክብሮ ቢያነሣም፣ በ3347ኛው አንቀጹ በሕጉ የተሸፈነውን ልማድ ሁሉ ሽሮታል። ይህን የሚያስተምር ቤት ያስፈልግ ነበርና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካዊው ጄምስ ፖል ዲንነት ተከፈተ፤ የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔትም ወዲያው መታተም ጀመረ። ፕሮፌሰር ጆርጅ ክሸቹኖቪች አዲሱ ሕግ ከልማዱ ጋር ያለውን ዝምድና በብዕሩ መረመረ። ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን በ1960 ዓ.ም. የተፈጸመውን ነው፤ በኋላ በ1977 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል የሆኑት አባ ጳውሎስ ጻድዋ ፍትሐ ነገሥትን ከግዕዝ ወደ እንግሊዝኛ መለሱት፤ ወጣቱ መምህር ፒተር ስትራውስም የአርታኢነቱን ሥራ ሠራ። አዲሱ የሕግ ቤት የአሮጌውን ቤት መጽሐፍ አክብሮ መቀበሉ ይመሰገናል፤ ይሁንና ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነበርና፣ የመጻሕፍት ቤቱ መምህርና የፋኩልቲው መምህር አንዱን መጽሐፍ ይዘው በሁለት ቋንቋ ተቀመጡ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት ለሕዝብ ባደረገ ጊዜ የርስትና የጉልት ሙግት ከሕጉ ወጣ፤ የቤተ ክርስቲያን መሬትም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ የሕግ ትምህርት ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ወሎ ምድር ወርዷል። የዛሬው የሕግ ምሁር ሽምግልናውን ያጠናል፣ በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ለድኻ ባለጉዳይ ይቆማል፣ የመሬቱን ሕግ ይመረምራል፤ ይህ ሁሉ ከአሮጌው መምህር የችሎት ሥራ ጋር የሚዛመድ ነው። ታሪኩንም አልዘነጋም፤ የአበራ ጀምበሬ የኢትዮጵያ የሕግ ታሪክ ሰፊ ሥራ ነው። ይሁን እንጂ መነሻውን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1434፣ ማለት በዘርዐ ያዕቆብ መንገሥ ስላደረገ፣ የላሊበላ ስጦታዎች ከደጃፉ ውጭ ቀርተዋል። እነርሱን እስካሁን በብዛት የሚያነቧቸው የቋንቋና የታሪክ ሊቃውንት ናቸው።

ነገሩ ግን የሕግ ሰው ዐይን ይሻል። የላሊበላ ወገን የሆነው የዛጕዬ ቤት አልፎ የሰሎሞን ቤት ከነገሠ በኋላ፣ በዚያው በደብረ ሊባኖስ ወንጌል የኋለኞቹም ነገሥታት የራሳቸውን ስጦታ አስጽፈዋል፤ ታዲያ አዲሱ ንጉሥ የቀደመውን ቤት ቃል እንደ ግዴታ ተቀብሎ አጸናው ወይስ በራሱ ጸጋ አዲስ አድርጎ ሰጠ? ግዝቱስ ያሠረው ባላገሩን ብቻ ነው ወይስ ንጉሡንም ጭምር?