ኤፖክሲና ብርድ፤ ከሰው ሠራሽ ጥርስ እስከ ዋሻ ጣሪያ

የጠነከረን አርማታ ሰርስሮ ፌሮ በኤፖክሲ መትከል በየግንባታው ቦታ የሚታይ ተራ ሥራ ሆኗል። ይህ ሙጫ ከሙቀት ጋር ያለው ጉዳይ ግን ከልደቱ የጀመረ መሆኑን ልብ የሚለው ጥቂት ነው።

ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፒየር ካስታን በ1930ዎቹ (እ.አ.አ.) ኤፖክሲን የሠራው ለሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር፤ የሚጠነክረውም በሙቀት ሲጋገር ነው። ሲባ የተባለው የባዝል ኩባንያ ፈቃዱን ወስዶ በ1946 አራልዳይት በሚል ስም ለገበያ አቀረበው። ለግንበኛ ግን የሚጋገር ሙጫ ምን ይረባዋል? ድልድይ ምድጃ ውስጥ አይገባም። አሚን የተባሉት ማጠንከሪያዎች ሁለቱን ፈሳሾች በተራ አየር እንዲጠነክሩ ባያደርጉ ኖሮ ኤፖክሲ ወደ ግንባታ ባልደረሰ ነበር። በ1950ዎቹ የካሊፎርኒያ አውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት የመንገድ ምልክቶችን ከወለሉ ጋር ለማጣበቅ ወደዚህ ሙጫ ፊቱን አዞረ።

ምድጃው ቀረ እንጂ ሙቀት የመፈለጉ ነገር አልቀረም። የሙቀቱ መጠን በ10 ዲግሪ ዝቅ ባለ ቁጥር የመጠንከሩ ፍጥነት በግምት በግማሽ ይቀንሳል። በ20 ዲግሪ በሰዓታት የሚጠነክረው ሙጫ ወደ ዜሮ ሲቃረብ ቀናት ይወስዳል፤ አንዳንዱም ጨርሶ ሳይጠነክር ይቀራል። ከዚህም በላይ ይወፍርና የቀዳዳውን ግድግዳ በሚገባ አያርስም። በቀዳዳው ውስጥ ውርጭ ካለም ሙጫው የሚይዘው በረዶውን እንጂ አርማታውን አይደለም። ቱቦውን ማሞቅ ለማደባለቅ ይረዳል፤ ሆኖም በፌሮው ዙሪያ ያለው ስስ ሙጫ ወዲያው የአርማታውንና የብረቱን ቅዝቃዜ ይወስዳል። ስለዚህ ቴርሞሜትሩ መለካት ያለበት አየሩን ሳይሆን አርማታውን ነው።

አምራቾች ቶሎ የሚጠነክሩ ዓይነቶችን አወጡ፤ ከዜሮ በታች ለሚሠራም የቪኒል ኤስተርና የሜታክሪሌት ሙጫዎች ቀረቡ። ፍጥነት ግን ጽናት አይደለም። ሐምሌ 10 ቀን 2006 (እ.አ.አ.) በቦስተን የዋሻ መንገድ ጣሪያ ላይ በኤፖክሲ የተተከሉ ብሎኖች ተነቅለው 26 ቶን ያህል አርማታ በመኪና ላይ ወደቀ፤ አንዲት ሴትም ሞተች። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ2007 እንደገለጸው፣ ቶሎ የሚጠነክረው ሙጫ በማያቋርጥ ጭነት ሥር ቀስ በቀስ ይሳባል። እንዲያውም ብሎኖቹ ከቦታቸው መንሸራተታቸው በ1999፣ ገና በግንባታው ጊዜ ታይቶ ነበር! ይህ አደጋ ከብርድ የመጣ አይደለም፤ ሆኖም በብርድ ምክንያት ፈጣኑን ዓይነት የሚመርጥ መሐንዲስ ሁሉ ሊያስበው ይገባል። በተለይ ጭነቱ ዘወትር ወደ ታች የሚጎትት ሲሆን።

የአሜሪካ የኮንክሪት ተቋም በ2011 ደንቡ እነዚህን ሙጫዎች አስገባ። ዘላቂ የመጎተት ጭነት ያለባቸውን፣ አግድም ወይም ወደ ላይ የሚተከሉትን፣ የተመሰከረለት ሠራተኛ ብቻ እንዲተክላቸው አዘዘ። በሠንጠረዡ የሰፈረው የመያዝ ኃይል የሚሠራውም አርማታው ቢያንስ 21 ቀን ሲሆነውና ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳያንስ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ በደብረ ብርሃን አካባቢ ያደረ አርማታ ከዚህ በታች ይገኛል፤ የመትከሉን ሥራ ፀሐይ አርማታውን እስክታሞቀው ድረስ ማቆየት ምንም ወጪ አይጠይቅም።