ቾንግጌቾን

ቾንግጌቾን የደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሴኡልን አቋርጦ የሚፈስ ጅረት ነው። ከኮሪያ ጦርነት በኋላ ዳርና ዳሩ በድሆች ደሳሳ ጎጆ ተጨናንቆ ቆሻሻ ስለ ሞላው፣ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኮንክሪት ተደፈነ፤ በላዩም የመኪና ማሳለጫ ተዘረጋ። ማሳለጫው ከ2003 ጀምሮ ፈርሶ፣ 5.8 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ጅረት በ2005 ለሕዝብ ተከፈተ።

በመነሻው ላይ ክሌስ ኦልደንበርግና ኮሽያ ቫን ብሩገን የሠሩት፣ «ጸደይ» የተባለው የቀንድ አውጣ ቅርፊት የመሰለ ሐውልት ቆሟል። የበለጠ ዓይን የሚገባው ግን ንጉሥ ጆንግጆ በ1795 ከነአጀቡ ወደ ህዋሶንግ ያደረገውን ጉዞ በሴራሚክ ላይ የሚያሳየው የግድግዳ ሥዕል ነው። የግዋንግቶንግ ድልድይም ሊታይ ይገባዋል፦ በ1410 ከንግሥት ሲንዶክ መቃብር በተነሡ ድንጋዮች ተገንብቶ፣ ቅርጽ የተቀረጸባቸው አንዳንዶቹ ዛሬም እንደ ተዘቀዘቁ ናቸው።

አብዛኛው ውሃ ከሃን ወንዝ በፓምፕ ስለሚሳብ፣ እድሳቱ ከተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ተገቢ ትችት ደርሶበታል።