የእንግዳ ስም አደራ፦ ከጎጃም መንገደኛ እስከ ሆቴል ኮምፒውተር



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሆቴሎች የሳይበር ደኅንነት ነው። የታሪክ መምህር ከኮምፒውተር ጋር ምን አገናኘው የሚል ጥያቄ በአንዳንዶቻችሁ ፊት ላይ አነባለሁ፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ወደዚህ ጉዳይ ያስገባኝ አንድ ደብተር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስጓዝ ፍኖተ ሰላም ላይ መሸብኝና በአንድ መለስተኛ ሆቴል አደርሁ። በእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ላይ ትልቅ መዝገብ ተዘርግቶ ነበር። ስሜን፣ የመታወቂያ ቁጥሬን፣ ስልኬን፣ ከየት መጥቼ ወዴት እንደምሄድ ጻፍሁ። ከእኔ በላይ የሰፈሩትን ሰዎች ስምና ስልክም ሳልፈልግ አነበብሁ። ቀጥሎም እንግዳ ተቀባይዋ መታወቂያዬን ተቀብላ በገዛ ስልኳ ፎቶግራፍ አነሣችው። እኔ አልጋዬ ላይ ጋደም ስል ያ ፎቶግራፍ የት እንደሚያድር ማሰብ ጀመርሁ።

በዚህ አገር መንገደኛን የመቀበል ልማድ ከሆቴል እጅግ ይቀድማል። በጎጃም ገጠር የመሸበት ሰው ደጅ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። ባለቤቱም «ቤት የእግዜር ነው» ብሎ ያስገባዋል። እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል። ማነህ፣ ከወዴት ነህ የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከእራት በኋላ ነው፤ ያውም በወግ መልክ። እንግዳው ስሙን ሳይሰጥ መጠጊያ ያገኛል። የነገረው ምስጢር ቢኖር እንኳ ያደረበት ቤት አደራ ነው።

በዚያው መንገድ ላይ ግን ሌላ ዓይነት እንግዳም ይመላለስ ነበር፤ በንጉሥ ወይም በገዥ ትእዛዝ የሚጓዘው። እ.ኤ.አ. በ1770 ዓ.ም. ጢስ ዓባይንና የግሽ ዓባይን ምንጭ ያየው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጎንደር ቤተ መንግሥት ፈቃድ የተንቀሳቀሰ ሰው ነበር። እንዲህ ላለው እንግዳ ባላገሩ ድርጎ ያወጣለታል፤ እንጀራው፣ ጠጁ፣ ሙክቱ ከገበሬው ጓዳ ይሄዳል። ወጪ የሚያስወጣ እንግዳ ደግሞ ማንነቱ መታወቅ አለበት፤ መልእክተኛና ማኅተም ያለው ደብዳቤ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ስም መጠየቅ የመጣው እንግድነት ከሥልጣንና ከሒሳብ ጋር ሲገናኝ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሆቴል የእነዚህ የሁለቱ ልጅ ነው። እንደ መጀመሪያው «እንኳን ደኅና መጡ» ይላል፤ እንደ ሁለተኛው ስምና ማስረጃ ይጠይቃል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በአዲስ አበባ ከተቋቋመው እቴጌ ሆቴል ጀምሮ ልማዱ ወደ አውራ መንገዱ ከተሞች ወረደ። የጣሊያን ቋንቋም «አልቤርጎ» የሚለውን ቃል ትቶልን ሄዷል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ደግሞ የመንገድ ከተሞች ናቸው፤ በተለይ ቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ መገንጠያ በመሆኗ የሹፌርና የነጋዴ ማደሪያ ናት። በእነዚህ ከተሞች የአልቤርጎ መዝገብ ያገላበጠ ሰው ማን ከማን ጋር፣ መቼ፣ ወዴት እንደተጓዘ ያውቃል። ታሪክ ጸሐፊ እንዲህ ያለ መዝገብ ሲያገኝ እልል ይላል፤ ቀማኛም እንዲሁ።

ሕጋችን ይህን አደራ በከፊል ያውቀው ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሆቴል ቤት ያደረ እንግዳ ይዞት ለገባው ዕቃ ሆቴለኛውን ተጠያቂ የሚያደርጉ ድንጋጌዎች አሉት። የሻንጣው አደራ በሕግ ሰፈረ፤ የስሙ አደራ ግን ለልማድ ተተወ። ይህም ለረጅም ጊዜ ብዙ ጉዳት አላመጣም። የወረቀት መዝገብ ጠባቂው ስንፍናው ነውና፦ ሊሰርቀው የሚፈልግ ሰው ፍኖተ ሰላም ድረስ መምጣት፣ በእጁ መገልበጥ አለበት፤ ሲያልቅም መጋዘን ገብቶ አይጥ ይበላዋል። ኮምፒውተር ግን አይረሳም፤ ያስታወሰውንም በአንድ ሌሊት ሁሉ ይዘረገፋል።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ የስታርዉድ ጉዳይ ነው። ሸራተን የሚለውን ስም ከአዲስ አበባ እናውቀዋለን፤ ስሙ የስታርዉድ ኩባንያ ከነበሩት ስያሜዎች አንዱ ነው። ሰርጎ ገቦች እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ ስታርዉድ የእንግዶች ማስያዣ ሥርዓት ገቡ። በ2016 ማሪዮት ኩባንያውን ሲገዛ ቤቱን ከነሌባው ገዛ። ነገሩ የታወቀው በ2018 ነው። ኩባንያው ኋላ ባወጣው ግምት እስከ 383 ሚሊዮን የሚደርሱ የእንግዳ መዛግብት ተነክተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ5 ሚሊዮን በላይ የፓስፖርት ቁጥሮች ሳይመሰጠሩ በግልጽ የተቀመጡ ነበሩ። የብሪታንያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2020 የ18.4 ሚሊዮን ፓውንድ ቅጣት ጣለበት። እኔን የሚገርመኝ ቅጣቱ አይደለም። ካደሩ ዓመታት ያለፋቸው እንግዶች ፓስፖርት ቁጥር ለምን እስከዚያ ቀን ተቀመጠ? ያልተያዘ መረጃ አይሰረቅም።

ሌላው ምሳሌ ከእኛ ልማድ ጋር ይበልጥ ይቀራረባል። እ.ኤ.አ. በ2023 የደኅንነት ተመራማሪዎች ቡኪንግ ዶት ኮምን በሚጠቀሙ ሆቴሎች ላይ የተሠራ ማታለል ገልጸዋል። አንድ «የቀድሞ እንግዳ» ለሆቴሉ ይጽፋል፤ መታወቂያዬን እናንተ ጋር ረስቼዋለሁና እባካችሁ ፈልጉልኝ ይላል። ሠራተኛው ሊረዳ ሲል የተላከለትን ማያያዣ ይከፍታል፤ በዚያው የይለፍ ቃሉን የሚሰርቅ ፕሮግራም ይገባል። ከዚያ በኋላ ሌባው በሆቴሉ ስም ለትክክለኛ እንግዶች ጽፎ ክፍያ ይጠይቃል። ልብ በሉ፤ የተሰበረው መቆለፊያ አልነበረም። በሩን የከፈተው የእንግዳ ተቀባዩ ቸርነት ነው። ስለዚህ ለሆቴል ሠራተኛ የሚሰጥ ሥልጠና «ማንንም አትመን» በሚል ትእዛዝ ሊያልቅ አይችልም፤ ሥራው ማመን ነውና። የእንግዳው ጥያቄ በደብዳቤ ሲመጣ ሆቴሉ ቀድሞ በያዘው ስልክ ቁጥር ደውሎ ማረጋገጥን ማስተማር ግን ይቻላል። በስልክ የታየን የክፍያ መልእክት አምኖ ቁልፍ ከመስጠት በፊት የሆቴሉን ሒሳብ መመልከትም የዚሁ ወገን ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ በ1999 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ2008 ወጣ። ሆቴለኛውን ግን ይበልጥ የሚነካው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ከስድሳ አራት ዓመታት በኋላ ስሙም እንደ ሻንጣው በሕግ አደራ ሆነ። ሆቴል የሰበሰበውን መረጃ ለሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲያውል፣ ከሚያስፈልገው በላይ እንዳይዝ ይጠየቃል ማለት ነው። ሕጉ ከወረቀት ወደ ባንኮኒ ለመውረድ ግን ጊዜ ይፈጃል። የእንግዳው ዋይፋይና የሒሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር በአንድ መስመር ላይ ባሉበት፣ ሦስት ፈረቃ ሠራተኛ በአንድ የይለፍ ቃል በሚገባበት ቤት አዋጁ ገና እንግዳ ነው።

የመንደራችን ልምድ አንድ ነገር ደግሞ አስተምሮናል። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ መረጃውን ሩቅ አገር ባለ ሰርቨር ላይ ብቻ ያስቀመጠ ድርጅት የገዛ መዝገቡን ለማየት ይቸገራል። ደኅንነት መደበቅ ብቻ ሳይሆን ባስፈለገ ጊዜ ማግኘትም ነው። ስለዚህ የወረቀቱን መዝገብ አቃጥሉ አልልም። ገጹ ለቀጣዩ እንግዳ እንዳይታይ ይሸፈን፤ ማታ ይቆለፍበት፤ ጊዜው ሲያልፍ ይወገድ።

በማግሥቱ ጠዋት ሒሳቤን ከፍዬ፣ የመታወቂያዬን ፎቶግራፍ እንድታጠፋልኝ እንግዳ ተቀባይዋን ለመንኋት። ሣቀች። «ጋሼ፣ ምን አደርገዋለሁ ብለው ነው?» አለችና ስልኳን ከፍታ በእጄ ሰጠችኝ፤ «ራስዎ ያጥፉት» ብላ ቡና ልታቀርብልኝ ወደ ጓዳ ገባች። የሰርግ ፎቶግራፎች፣ የአንድ ሕፃን ልደት፣ በመካከላቸውም የማላውቃቸው ሰዎች መታወቂያዎች ተራ በተራ አለፉ። የእኔን አገኘሁትና አጠፋሁት። ስልኩን ባንኮኒው ላይ፣ ከተዘረጋው መዝገብ ጎን አስቀምጬ ቡናውን ጠበቅሁ።