ተጀምሮ ያልተቋረጠ ድርጊት፦ የእንግሊዝኛ ፐርፌክት ፕሮግረሲቭ ታሪክ

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ፐርፌክት ኮንቲኒዩስ፣ በቋንቋ ሊቃውንት መጻሕፍት ደግሞ ፐርፌክት ፕሮግረሲቭ እየተባለ የሚጠራው የእንግሊዝኛ ግሥ ቅርጽ ቀደም ብሎ የተጀመረና እስከ አንድ የታወቀ ጊዜ ድረስ ሲካሄድ የቆየ ድርጊትን የሚገልጽ ሲሆን፣ የሚሠራውም «ሃቭ» እና «ቢን» የተባሉት ረዳት ግሦች ተከታትለው ከገቡ በኋላ በ«ኢንግ» የሚያልቅ ዋና ግሥ ሲከተላቸው ነው። ተማሪዎች ቅርጹን የሚተዋወቁት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በሚጻፍ ቀመር ስለሆነ ከጥንት ጀምሮ የተደነገገ ሕግ ይመስላቸዋል። ይሁን እንጂ ቅርጹን የደነገገው ሊቅ የለም፤ መነሻቸው የተለያየ ሁለት የአነጋገር ልማዶችን በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ እያቀራረቡ ያዋሐዱት ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ናቸው፤ የሰዋስው መጻሕፍትም የደረሱበት እጅግ ዘግይተው ነው። በአጠቃቀሙ ረገድ ተማሪን የሚያስቸግሩት ነጥቦች አብዛኞቹ ይህ አመጣጥ ሲታወቅ ይቀላሉ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሁለቱ ልማዶች የመጀመሪያው የ«ሃቭ» ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ፣ ማለትም እስከ 11ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ በእንግሊዝ አገር ይነገር በነበረው ቋንቋ፣ ይህ ግሥ መያዝንና የአንድ ነገር ባለቤት መሆንን ይገልጽ ነበር። አንድ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ በእጁ እንዳለ ለመናገር «ሃቭ»ን፣ ደብዳቤውንና «የተጻፈ» የሚለውን ቅጽል አከታትሎ ያስቀምጣል፤ የተጻፈ ደብዳቤ በእጁ ያለ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊው ራሱ ስለሆነ፣ የአነጋገሩ ትርጉም ቀስ በቀስ ከባለቤትነት ወደ ድርጊት መፈጸም ተሻገረ። ከዚህ የተወለደው ፐርፌክት የተባለው ቅርጽ የመነሻውን ጠባይ ሳይለቅ ቀርቷል፤ ድርጊቱ ያለፈ ቢሆንም ውጤቱ ወይም ጉዳዩ አሁንም በተናጋሪው እጅ እንዳለ ይቆጠራል። መምጣትንና መሄድን የመሳሰሉ የእንቅስቃሴ ግሦች ግን ለረጅም ዘመን «ሃቭ»ን ሳይሆን «መሆን» የሚለውን ግሥ ይረዱበት ነበር፤ ይህም አሠራር እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ በጽሑፍ ይገኛል። «መሆን» ራሱ ወደ ፐርፌክት ሲገባ ግን እንደ ጀርመንኛው አቻው ራሱን በራሱ አልረዳም፤ «ሃቭ»ን መረጠ፤ «ሃቭ ቢን» የሚለው ጥምረት የተገኘውም በዚህ ምርጫ ነው።

ሁለተኛው ልማድ ድርጊትን በሂደት ላይ እንዳለ አድርጎ የማሳየት ልማድ ነው። ከ871 እስከ 899 በነገሠው በንጉሥ አልፍሬድ ዘመን ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ በተመለሱ መጻሕፍት፣ በተለይም በኦሮሲየስ የታሪክ መጽሐፍ ትርጉም ውስጥ፣ «መሆን» የሚለው ግሥ በ«ኤንደ» ከሚያልቅ የግሥ ቅርጽ ጋር ተጣምሮ ውጊያን ለመሰለ ረዘም ያለ ድርጊት ሲያገለግል ይታያል። ከዚሁ ጎን ለጎን «በአደን ላይ ነው» እንደማለት ያለ፣ መስተዋድድና በ«ኢንግ» የሚያልቅ የድርጊት ስም ያለበት አነጋገር ነበር። ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ በደቡብና በመካከለኛው እንግሊዝ የ«ኤንደ» ድምፅ ለ«ኢንግ» ቦታውን ስለለቀቀ ሁለቱ አነጋገሮች በቅርጽ ሊለዩ የማይችሉ ሆኑ። ከሁለቱ የትኛው የዛሬው ፕሮግረሲቭ አባት እንደሆነ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል፤ ዴንማርካዊው ኦቶ የስፐርሰን ለመስተዋድዱ አነጋገር ሲያደላ ሌሎች የጥንቱን «ኤንደ» ያስቀድማሉ። ሁለቱ በአንድ ድምፅ ከተገናኙ በኋላ እርስ በርስ መደጋገፋቸው አይቀርምና አንዱን ብቻ መምረጥ ማስረጃው ከሚፈቅደው በላይ መሄድ ይሆናል።

የሁለቱ ልማዶች ውሕደት በ14ኛው መቶ ዓመት ጽሑፎች ውስጥ በግልጽ ይገኛል። በ1400 ያረፈው ጄፍሪ ቾሰር በካንተርበሪ ተረኮቹ ውስጥ ባለው የፈረሰኛው ታሪክ መጀመሪያ ላይ፣ ባሎቻቸው በቴብስ ጦርነት የሞቱባቸው ጥቁር የለበሱ ሴቶች ከዘመቻ የሚመለሰውን የአቴናውን ገዥ ቴሴየስን መንገድ ላይ አግኝተው፣ በምሕረት አምላክ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሲጠብቁት እንደቆዩ ይነግሩታል፤ ባለቅኔው ይህን ያስነገራቸው በዛሬው ፐርፌክት ፕሮግረሲቭ ቅርጽ ነው። ጥበቃው የተጀመረው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው፤ በመካከሉ አልተቋረጠም፤ የተፈጸመውም ገዥው ፊታቸው በቆመበት በዚያችው ሰዓት ነው፤ የልመናቸውም ብርታት በጥበቃው ርዝመት ላይ የተመሠረተ ነው። ዛሬ በመማሪያ መጻሕፍት የሚዘረዘረው የቅርጹ ትርጉም፣ ማለትም መነሻ፣ ቀጣይነትና ከአሁን ጋር ያለው ትስስር፣ በዚህ አንድ ንግግር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ተካቷል።

ከዚያ በኋላ ግን ቅርጹ በፍጥነት አልተስፋፋም። ሼክስፒር ይጽፍ በነበረበት ዘመን፣ ዛሬ ፕሮግረሲቭ የግድ በሚሆንበት ቦታ ተራው የአሁን ጊዜ ያለችግር ይገባ ነበር፤ በሐምሌት ተውኔት መጽሐፍ በእጁ የያዘውን ልዑል ምን እያነበበ እንደሆነ የቤተ መንግሥቱ አማካሪ ፖሎኒየስ የሚጠይቀው በዚሁ በተራው ቅርጽ ነው። የፕሮግረሲቭ ቅርጾች በብዛት መታየት የጀመሩት በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት ነው።

የሰዋስው ጸሐፊዎች ነገሩን በወጉ ያላዩበት ምክንያት ሚዛናቸው ላቲን ስለነበረ ነው። በ1586 የታተመው የዊልያም ቡሎካር አነስተኛ መጽሐፍ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ሰዋስው ሲሆን የተቀረጸው በዊልያም ሊሊ የላቲን ሰዋስው አምሳያ ነው፤ ላቲን ይህን የመሰለ ጥምር ቅርጽ ስለሌለው በሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ ሊኖረው አልቻለም። በ1751 ጄምስ ሃሪስ፣ በ1762 ደግሞ ሮበርት ላውዝ ያለቀውን ድርጊት ካላለቀው ለይተው ጊዜያትን ለመመደብ ሞከሩ። በእንግሊዝና በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከሁሉም በላይ የተሠራበት ግን ሊንድሊ መሪ የተባለው ትውልደ አሜሪካዊ በእንግሊዝ አገር ዮርክ አጠገብ ተቀምጦ በ1795 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። መሪ ስድስት ጊዜያትን ብቻ ቆጥሮ፣ ፕሮግረሲቩን ራሱን እንደቻለ ጊዜ ሳይሆን ግሥ ሊረባ የሚችልበት ሌላ መንገድ አድርጎ በአጭሩ ጠቅሶት አልፏል። ቾሰር የተጠቀመበት ቅርጽ ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ እንኳ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ያገኘው ስፍራ ይህን ያህል ጠባብ ነበር።

በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ በአዲስ ቅርጽ ላይ ብርቱ ሙግት ተነሣ። ቀደም ሲል ቤት በመሠራት ላይ እንዳለ ለመናገር «ዘ ሃውስ ኢዝ ቢልዲንግ» ይባል ነበር፤ ቃል በቃል ቤቱ ራሱ የሚሠራ ይመስላል። ከ18ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ «ኢዝ ቢይንግ ቢልት» የሚለው ግልጽ ተገብሮ ቅርጽ፣ ማለትም ድርጊቱ በባለቤቱ ላይ እንደሚፈጸም የሚያሳየው ቅርጽ፣ ሲስፋፋ አሜሪካዊው ሪቻርድ ግራንት ኋይት በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ አጥብቆ ነቀፈው። ነቀፌታው ከንቱ ሆኖ ቀረ፤ ተናጋሪዎቹ አዲሱን ቅርጽ ተቀበሉት። ወደ ፐርፌክት ሲሻገር የሚገኘውን «ሃዝ ቢን ቢይንግ ቢልት» የሚለውን ግን እስከ ዛሬ ጸሐፊዎች ይሸሹታል፤ ስለዚህ በጽሑፍ ተገብሮ ሲያስፈልግ ተራውን ፐርፌክት መጠቀም ይመረጣል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ የውጭ ቋንቋዎች በ1908 በተከፈተው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ይሰጡ የነበረ ቢሆንም የበላይነቱ የፈረንሳይኛ ነበር፤ እንግሊዝኛ የሁለተኛ ደረጃ የማስተማሪያ ቋንቋ የሆነው ከ1941 የነጻነት መመለስ በኋላ ነው። አማርኛ «ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቀ ነው» ሲል በአሁን ጊዜ ስለሚናገር፣ ተማሪው ያንኑ ይዞ «ኢዝ ዌይቲንግ ሲንስ ሞርኒንግ» ይላል፤ እንግሊዝኛ ግን መነሻው ከተጠቀሰ «ሃዝ ቢን ዌይቲንግ» እንዲባል ያስገድዳል፤ ምክንያቱም ያለፈውን ከአሁኑ ጋር የማያያዝ ተግባር የ«ሃቭ» ነው። መነሻው የጊዜ ነጥብ ሲሆን «ሲንስ»፣ የጊዜ ርዝመት ሲሆን «ፎር» ይገባል። እንደ ማወቅ፣ ማመንና ባለቤት መሆን ያሉ፣ እንቅስቃሴን ሳይሆን ሁኔታን የሚገልጹ ግሦች «ኢንግ»ን ስለማይቀበሉ ሰውን ለ10 ዓመት ማወቅ የሚነገረው በተራው ፐርፌክት ነው። ብዛት ሲቆጠርም እንዲሁ ነው፤ ሦስት ደብዳቤ የጨረሰ ሰው «ሃዝ ሪትን»፣ ከጠዋት ጀምሮ በመጻፍ ላይ የቆየ ሰው «ሃዝ ቢን ራይቲንግ» ይባልለታል።

ያለፈውና የወደፊቱ ፐርፌክት ፕሮግረሲቭ ልዩነታቸው የድርጊቱ ማሳረፊያ ከአሁን ወደ ሌላ ጊዜ መዛወሩ ብቻ ነው። በ1999 የታተመው ሰፊው የሎንግማን ሰዋስው እንደሚያሳየው የቅርጹ ድርሻ በንግግርም በጽሑፍም ካሉት የግሥ ቅርጾች ከ1 በመቶ በታች ሲሆን፣ ከዚያም ውስጥ የወደፊቱ እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ ለሦስቱም እኩል ክፍለ ጊዜ የሚመድብ መምህር የተማሪዎቹን ጊዜ ያባክናል፤ የአሁኑን አጥብቆ ማስተማር፣ ሁለቱን ግን ከእርሱ ቀጥሎ በአጭሩ ማሳየት ይበቃል።