የክፍያ ካርድና የአነስተኛ ብድር አመራረጥ፦ ያልተገባ ክፍያን ለመከላከል መታወቅ ያለባቸው ነጥቦች

የባንክ ካርዶችና በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚሰጡ አነስተኛ ብድሮች የዕለት ተዕለት ግብይትን አቅልለዋል። ይሁን እንጂ ተገልጋዮች ውሉን ሳያነቡ ሲፈርሙ ወይም በስልካቸው «እስማማለሁ» የሚለውን ሲጫኑ ያልጠበቁት ወጪ ሊገጥማቸው ይችላል። ይህ ጽሑፍ ካርድ ከመውሰድ ወይም ከመበደር አስቀድሞ ሊጣሩ የሚገባቸውን ጉዳዮች ያብራራል።

የካርዱን ዓይነት ስለ መለየት

በሀገራችን ባንኮች የሚሰጧቸው ካርዶች በአብዛኛው የዴቢት ካርዶች ናቸው። በዴቢት ካርድ የሚወጣው ገንዘብ የተገልጋዩ የራሱ ተቀማጭ ነው። የቅድመ ክፍያ ካርድ አስቀድሞ የተሞላበትን ገንዘብ ብቻ ያንቀሳቅሳል። ክሬዲት ካርድ ግን ባንኩ እስከ ተወሰነ ጣሪያ የሚፈቅደው ብድር ስለሆነ በወቅቱ ያልተከፈለው ሂሳብ ወለድ ይታሰብበታል። በካርድ ላይ የቪዛ፣ የማስተርካርድ ወይም የዩኒየንፔይ ምልክት መኖሩ ካርዱን ክሬዲት ካርድ አያሰኘውም፤ ምልክቱ ክፍያው የሚተላለፍበትን መረብ ብቻ ያመለክታል።

ክሬዲት ካርድ በሌሎች ሀገሮች የሚሸፍነውን የአጭር ጊዜ የገንዘብ ፍላጎት በሀገራችን በስልክ የሚሰጥ ብድር በከፊል ይሸፍናል። ለአብነት ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን ካስጀመረ በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም. ከዳሸን ባንክ ጋር በመተባበር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተሰኙ የብድር አገልግሎቶችን ለተጠቃሚዎች አቅርቧል።

አስቀድመው የሚጠየቁ ክፍያዎች

• ካርድ ለማውጣት፣ በየዓመቱ ለማሳደስና ሲጠፋ ለመተካት የሚጠየቅ ክፍያ፤
• በሌላ ባንክ ኤቲኤም ገንዘብ ሲወጣ የሚቆረጥ ክፍያ፤
• ካርዱ በውጭ ሀገር ሲያገለግል የሚታሰብ የምንዛሬ ተመንና ኮሚሽን፤
• የብድር አገልግሎት ክፍያ፣ ወለድና የመዘግየት ቅጣት፤
• ብድሩ ከቀነ ገደቡ በፊት ቢከፈል ክፍያው የሚቀንስ መሆን አለመሆኑ።

ጠቅላላ ወጪውን በብር ስለ ማስላት

ሁለት ብድሮችን ለማነጻጸር የወለዱን መጠን ብቻ መመልከት አይበቃም። በእጅ የሚገባው ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ በስንት ቀን ውስጥ ስንት እንደሚመለስ መታወቅ አለበት።

ለምሳሌ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ሽሮ ሜዳ የሀገር ባህል ልብስ የሚያዘጋጁ አንድ ሸማኔ፣ ከጥምቀት በዓል በፊት ክር ለመግዛት 20,000 ብር ለ30 ቀናት መበደር ፈለጉ እንበል። የመጀመሪያው አበዳሪ «ወለድ የለውም» ይላል፤ ነገር ግን 6 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ አስቀድሞ ይቆርጣል። ተበዳሪው በእጃቸው የሚገባው 18,800 ብር ሲሆን የሚመልሱት 20,000 ብር ነው፤ ወጪው 1,200 ብር ይሆናል። ሁለተኛው በዓመት 18 በመቶ ወለድና 200 ብር የአገልግሎት ክፍያ ያስከፍላል። የ30 ቀኑ ወለድ 296 ብር ገደማ ስለሆነ ጠቅላላ ወጪው 496 ብር ነው። ወለድ የለውም የተባለው ብድር ከሁለት እጥፍ በላይ ውድ ሆኖ ይገኛል። ይኸው ብድር በየወሩ እየታደሰ ለአንድ ዓመት ቢቀጥል የአገልግሎት ክፍያው ብቻ 14,400 ብር ይደርሳል።

ስለዚህ ብድሩ የሚመለስበት ቀን ሸቀጡ ተሸጦ ገንዘቡ እጅ ከሚገባበት ጊዜ ጋር መጣጣሙን ማረጋገጥ ይገባል። ባንኮች የተበዳሪዎችን መረጃ ለብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል ስለሚያሳውቁ፣ ሳይከፈል የቀረ ዕዳ ወደፊት ለሚጠየቅ ብድር እንቅፋት ይሆናል። ከሕጋዊ ተቋማት ውጭ በአራጣ ማበደር በወንጀል ሕጉ የሚያስቀጣ ድርጊት መሆኑም ሊታወቅ ይገባል።

የተገልጋዩ መብት

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ባወጣው የፋይናንስ ሸማቾች ጥበቃ መመሪያ ቁጥር ኤፍሲፒ/01/2020 መሠረት፣ የፋይናንስ ተቋማት የአገልግሎታቸውን ዋጋና ዋና ዋና የውል ሁኔታዎች ግልጽ በሆነ መንገድ ለተገልጋዩ የማሳወቅና የቅሬታ ማስተናገጃ ሥርዓት የመዘርጋት ግዴታ አለባቸው። ተገልጋዩም ውሉ እንዲብራራለትና ቅጂው እንዲሰጠው ሊጠይቅ ይገባል።

ያልተገባ ክፍያ ሲቆረጥ የሚወሰዱ እርምጃዎች

1. የሂሳብ መግለጫ ወይም የደረሰዎትን አጭር መልእክት ይያዙ፤ ክፍያው የተቆረጠበትን ቀንና መጠን ይመዝግቡ።
2. ቅሬታዎን ለተቋሙ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ ማቅረብዎን የሚያረጋግጥ ቁጥር ወይም ማኅተም ያለበት ቅጂ ይቀበሉ።
3. ተቋሙ ምላሽ ካልሰጠ ወይም ምላሹ ካላረካዎ፣ ማስረጃዎችዎን አያይዘው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ያመልክቱ።
4. ካርድዎ ከጠፋ ወዲያውኑ ለባንኩ አሳውቀው ያሳግዱ። የሚስጥር ቁጥርዎን የባንክ ሠራተኛ ነኝ ለሚል ሰው ጭምር ለማንም አይስጡ።